ሞዴስ በነፃ፣ ያለ ጥያቄ፦ የስኮትላንድ ጉዳይ

ኖቬምበር 24 ቀን 2020 ኤዲንብራ የሚገኘው የስኮትላንድ ፓርላማ ድምፅ ሰጠ። 121 ድጋፍ፣ ዜሮ ተቃውሞ። ሞዴስ፣ ታምፖንና ሌሎች የወር አበባ መጠበቂያዎች ለሚያስፈልገው ሰው ሁሉ በነፃ እንዲገኙ የሚያዝ ሕግ ጸደቀ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣ አገር አልነበረም። (ቀንና ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

121 ለ 0 ሲባል ሁሉም ከመጀመሪያው የተስማማበት ነገር ይመስላል። ኧረ ምን ሲደረግ! በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ የስኮትላንድ መንግሥት ራሱ ረቂቁን አይደግፍም ነበር። «በግብር ከፋዩ ገንዘብ ሞዴስ ይገዛል እንዴ?» የሚለውም ጥቂት አልነበረም። ውጤቱ ዓለምን ስለዞረ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚስበኝ ክርክሩ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ የበጀት ክርክር ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ሥር ሥሩን የሚሄድ ሌላ ጥያቄ አለ፦ አንዲት ሴት ይህን ዕቃ ለማግኘት ማንን መጠየቅ፣ ለማንስ ማስረዳት አለባት?

መነሻው አበርዲን

ነገሩ የተጀመረው በሕግ ሳይሆን በምግብ ዕርዳታ በኩል ነው። አበርዲን የሰሜን ባሕር ነዳጅ ያበለጸጋት ከተማ ናት። እዚያው ከተማ ውስጥ ለተቸገሩ ሰዎች ምግብ የሚያድል ሲፋይን የሚባል ድርጅት አለ። በጁላይ 2017 የስኮትላንድ መንግሥት 42,500 ፓውንድ መድቦ በዚህ ድርጅት በኩል የስድስት ወር ሙከራ ጀመረ። ዓላማው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቢያንስ 1,000 ሴቶችና ልጃገረዶች የወር አበባ መጠበቂያ በነፃ ማዳረስ ነበር።

ለመንግሥት በጀት ይህ ገንዘብ ከቁጥርም አይገባም። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነበር። ፓስታና የታሸገ ቲማቲም በዕርዳታ የሚወስድ ቤተሰብ ከዚያ ወጥቶ ሞዴስ የሚገዛበት ብር ከየት ያመጣል? እናት ራሷና ሁለት ልጆቿ የወር አበባ የሚያዩ ከሆነ ወጪው በየወሩ ሦስት እጥፍ ነው። ምግብ ቢቸግር ግማሽ ሆድ ማደር ይቻል ይሆናል። የወር አበባ ግን ለነገ ይደር አይባልም።

በ2018 ደግሞ ያንግ ስኮት የተባለ የወጣቶች ድርጅት ከ2,000 በላይ ሰዎችን ጠየቀ። በትምህርት ቤት፣ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ካሉት መካከል ከአራት አንዷ ያህል መጠበቂያ ለማግኘት ተቸግራ እንደምታውቅ መለሰች። ይህ ውጤት የፖለቲከኞቹን ጆሮ አነቃ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ መንግሥት 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። በትምህርት ቤት፣ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ላሉ 395,000 ተማሪዎች የሚሆን ነው። በጃንዋሪ 2019 ደግሞ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ለአካባቢ ምክር ቤቶች ተጨመረ። በቤተ መጻሕፍትና በስፖርት ማዕከላት እንዲያድሉ።

ከመንግሥት ውጭም ነገሩ ይንቀሳቀስ ነበር። በ2018 የግላስጎው እግር ኳስ ክለብ የሴልቲክ ደጋፊ የሆኑ ሦስት ሴቶች ክለባቸው በስታዲየሙ የሴቶች መጸዳጃ ቤቶች ውስጥ መጠበቂያ በነፃ እንዲያስቀምጥ ጠየቁ። ሴልቲክ እሺ አለ። ከዚያ በመላው ብሪታንያ ከመቶ በላይ ክለቦች ተከተሉ። ኳስ ሜዳ፣ ያውም ግላስጎው፣ ስለ ወር አበባ ለመነጋገር የመጀመሪያው ቦታ ይሆናል ብሎ ማን ይገምታል? ግን ለክርክሩ ከብዙ ሪፖርት የበለጠ የሠራው ይህ ይመስለኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ቢራ ይዞ ስለ ፍጹም ቅጣት ምት የሚከራከር ሰው ሁሉ ስለ ጉዳዩ ሰማ።

«ታዲያ ሕጉ ምን ይጨምራል?»

የሕጉን ሐሳብ ያመነጩት ሞኒካ ሌነን የሌበር ፓርቲ አባል ናቸው። ፓርላማ የገቡት በ2016 ነው። በኦገስት 2017 ሐሳቡን ለሕዝብ ውይይት አቀረቡ። ረቂቁ ፓርላማ የደረሰው ግን በኤፕሪል 2019 ነው። የተቃዋሚ ፓርቲ አባል በራሱ ስም የሚያቀርበው ረቂቅ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። ይህኛውም እዚያው የሚቀር መስሎ ነበር።

የመንግሥት የመጀመሪያ መልስ ለመቃወም አስቸጋሪ ነበር። «እኛ እኮ እየሰጠን ነው» ነው ያሉት። እውነታቸውን ነው። በትምህርት ቤት አለ፣ በቤተ መጻሕፍት አለ። እንግዲህ ሕግ ለምን ያስፈልጋል?

የሌነን መልስ አጭር ነበር፦ ዛሬ በመንግሥት በጎ ፈቃድ የመጣ ነገር ነገ በጀት ሲጠብ ይሄዳል፤ ሕግ ከሆነ ግን መብት ነው። እዚህ ላይ ሌነን ልክ ናቸው ባይ ነኝ። በየትኛውም አገር በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚታጠፈው ማንም አፍ አውጥቶ የማይጮህለት ነገር ነው። ስለ ወር አበባ ደግሞ ማን አፍ አውጥቶ ይጮሃል?

ሁለተኛው ክርክር ወጪው ነበር። ከረቂቁ ጋር የቀረበው የወጪ ግምት በ2022 በዓመት ወደ 8.7 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል አለ። በመንግሥት በኩል የቀረበው ደግሞ በዓመት ከ24 ሚሊዮን በላይ ነው አለ። ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሁለቱም ወገን አልዋሸም። ሁሉ ነገር የቆመው «ስንት ሰው ይወስዳል?» በሚለው ግምት ላይ ነው። መግዛት የምትችለው ሴት ነፃ ስለሆነ ብቻ ሄዳ ትወስዳለች ካልክ ሒሳቡ ይንራል። የለመደችውን ዓይነት ከሱፐርማርኬት መግዛቷን ትቀጥላለች ካልክ ይወርዳል። ቀድሞ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ መጣ ሦስተኛው፣ የድንበሩ ክርክር። ከገዥው ፓርቲ ሚኒስትሮች በኩል የተነሣው ስጋት ይህ ነበር፦ ሕጉ «ለሚያስፈልገው ሁሉ» ካለ ከእንግሊዝ ድንበር ተሻግረው እየመጡ ቢወስዱስ? በካርታ ብናየው ከእንግሊዟ ካርላይል እስከ ስኮትላንዷ ግሬትና 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስቲ አስቡት። አንዲት ሴት መኪና አስነሥታ፣ ነዳጅ አቃጥላ፣ ድንበር ተሻግራ ሁለት ፓውንድ የማይሞላ ፓኬት ይዛ ትመለሳለች። ሳቅ የሚያስመልጥ ክርክር ነው፤ ተሳቀበትም።

ግን ለፍትሕ ያህል፣ ስጋቱ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ስኮትላንድ ከ2011 ጀምሮ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትን በነፃ ትሰጣለች። እንግሊዝ ውስጥ ይከፈልበታል። ስለዚህ «ከድንበሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ይጠቀምብናል» የሚለው ወሬ ለስኮትላንድ ሚኒስትሮች አዲስ አልነበረም። ችግሩ ያንን ልማድ ሞዴስ ላይ መድገማቸው ነው። መድኃኒት ጠቅልሎ መሄድ ጥቅም አለው። ሞዴስ በጆንያ ማን ይሸከማል?

ለድሀ ብቻ ወይስ ለሁሉም?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቅን ሰዎች «ለተቸገረች እንስጥ፤ ደመወዝተኛዋ ለራሷ ትግዛ» ብለው ነበር። በመጀመሪያ ሲሰሙት ትክክል ነው። ገንዘብ ውስን ነው፤ ለምን ለሀብታም ይባክናል?

ነገር ግን ለድሀ ብቻ ይሰጥ ካልን ድሀነትን የሚያጣራ ሰው ያስፈልጋል። ቅጽ ይመጣል። መስኮት ይመጣል። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠ ሠራተኛ ይመጣል። የ13 ዓመት ልጅ ለማታውቀው ሰው ሁለት ነገር አንድ ላይ ልትነግር ነው፦ የወር አበባዬ መጥቷል፣ ቤታችንም ገንዘብ የለም። የትኛዋ ልጅ ናት ይህን የምትለው? ብዙዎቹ አይሉትም። ሶፍት አጣጥፈው ያስገባሉ፣ ወይም ቤት ይቀራሉ።

ይህን ለመረዳት ኤዲንብራ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እኛ ሰፈር ሱቅ ሞዴስ ሲገዛ የሚሆነውን እናውቃለን። ልጅቷ ሌላ ገዢ እስኪወጣ ዳር ላይ ትጠብቃለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች። ባለሱቁ ሳይጠየቅ በጋዜጣ ይጠቀልልላታል፣ ወይ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይከትላታል። ስኳርና ሳሙና እኮ እንዲያ አይጠቀለሉም። ብር ይዛ የመጣችው እንዲህ ከሆነች፣ ብር የሌላትን አስቡ።

ለድሀ ብቻ ወይስ ለሁሉም የሚለውን ጥያቄ አዲስ አበባም በሌላ ጉዳይ ታውቀዋለች። የተማሪዎች ምገባ መጀመሪያ የተቸገሩ ልጆችን እየለየ ነበር የሚሠራው። በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ሰፋ አድርጎ ማብላት ጀመረ። ሁሉም አብሮ ከተሰለፈ ሰልፉ የድሀ ሰልፍ መሆኑ ይቀራል።

የሌነን የመጀመሪያ ሐሳብም እዚህ ላይ እንከን ነበረበት። በ2017 የቀረበው ንድፍ ስኮትላንድ ውስጥ ወጣቶች በካርድ ኮንዶም በነፃ ከሚያገኙበት አሠራር የተቀዳ ነበር። ካርድ ይወጣል፣ ካርዱን አሳይቶ መውሰድ ነው። ቀለል ያለ ቢሆንም ካርድ ካርድ ነው፤ መመዝገብ አለ፣ ማሳየት አለ። በፓርላማ ሂደቱ ውስጥ ያ አሠራር ተነሥቶ ግዴታው በቀጥታ በአካባቢ ምክር ቤቶችና በትምህርት ተቋማት ላይ ተጣለ። ረቂቁን ያዳነው፣ ያሻሻለውም ይህ ለውጥ ይመስለኛል።

የፖለቲካ ሒሳቡም ረድቷል። ገዥው ፓርቲ፣ የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ፣ በ2016 ምርጫ ከ129 መቀመጫ ያገኘው 63 ነበር። ሌሎቹ ካበሩ ይሸነፋል። በሞዴስ ጉዳይ ተሸንፎ የጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ መውጣት የሚፈልግ መንግሥት የለም። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2020 በመርሕ ደረጃ ድምፅ ሲሰጥ መንግሥት አቋሙን ቀይሮ 112 ደገፉ፣ ማንም አልተቃወመም፣ አንድ ሰው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ከዚያ ኮቪድ መጣ። ቤተ መጻሕፍቱም ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ዕቃው የሚታደልበት ቦታ ሲዘጋ ጥያቄው ይበልጥ አፈጠጠ። የወር አበባ ለወረርሽኝ ብሎ አይቆምም፤ ሌነንም ይህንኑ ደጋግመው ተናገሩ።

ስለ ታክሱም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው «ቀረጡን ቢያነሱ በቂ ነው» ስለሚል። የብሪታንያ የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚወሰነው ሎንዶን ነው። በወር አበባ ዕቃዎች ላይ የነበረው 5 በመቶ ታክስ የተነሣው ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ነው። ጥሩ ነው። ግን ሁለት ፓውንድ በሚሸጥ ፓኬት ላይ 5 በመቶ ማለት ወደ አሥር ሳንቲም ገደማ ነው። አሥር ሳንቲም ስለተቀነሰ ሁለት ፓውንድ የሌላት አትገዛም። በእኛም አገር ቀረጡ ተቀንሷል፤ የሱቁን ዋጋ ግን ገዢዋ ታውቀዋለች።

ሕጉ በተግባር

ሕጉ በጃንዋሪ 2021 የንግሥቲቱን ይሁንታ አገኘ። ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 15 ቀን 2022 ነው። 32ቱ የአካባቢ ምክር ቤቶች በክልላቸው ለሚያስፈልገው ሰው ሁሉ መጠበቂያ በነፃ እንዲገኝ ማድረግ አለባቸው። ትምህርት ቤቶች፣ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎችም እንደዚያው። ሦስት ነገር ይጠበቅባቸዋል። ዕቃው በቀላሉ የሚገኝ መሆን አለበት። የሚወስደውን ሰው ክብር የሚጠብቅ መሆን አለበት። ምርጫም ሊኖር ይገባል። ሞዴስ ብቻ ደርድሮ ጨረስኩ ማለት አይቻልም።

ሕጉ «ሴት» አይልም፤ «የሚያስፈልገው ሰው» ነው የሚለው። ይህ አንዳንዱን አስቆጣ። በተግባር ግን ለሌላ ሰውም መውሰድ ይቻላል። አባት ለልጁ ሊወስድ ይችላል።

መሬት ላይ ሲታይ ነገሩ ቀላል ነው። ቤተ መጻሕፍት ትገቢያለሽ። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ወይም መደርደሪያ ላይ ቅርጫት ወይ ሣጥን አለ። የምትፈልጊውን ወስደሽ ትወጫለሽ። ስም የለም፣ ፊርማ የለም። አንዳንድ ምክር ቤቶች ታጥበው ደግመው የሚሠሩትን ጨርቆችና ኩባያዎችም (ሰውነት ውስጥ ገብተው ደሙን የሚይዙትን) ይሰጣሉ። የት እንዳለ የማታውቅ ደግሞ ስልኳ ላይ የምትጭነው መተግበሪያ አለ። የሠራው ሄይ ገርልስ የሚባል ማኅበራዊ ድርጅት ነው፤ የስኮትላንድ መንግሥት ደግፎታል። አቅራቢያሽ ያለውን ቦታ በካርታ ያሳይሻል።

የኃላፊው ጣጣ

ሕጉ ሥራ በጀመረበት ሳምንት ዓለም ያወራው ግን ስለ ቅርጫቱ አልነበረም። በዳንዲ ዙሪያ ያሉ ኮሌጆችና ምክር ቤቶች አንድ ላይ ሆነው ሥራውን የሚያስተባብር «የወር አበባ ክብር ኃላፊ» ቀጠሩ። የተቀጠረው ወንድ ነበር።

ጉድ ፈላ። የቴኒስ ኮከቧ ማርቲና ናቭራቲሎቫ ሳትቀር ነገሩ ፌዝ ነው አለች። ሰውየውን የሚከላከሉም ነበሩ፤ ሥራው ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞሩ ማስተባበር ነው፣ ወንድ ቢሠራው ምን ነውር አለው አሉ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ቀጣሪዎቹ የሥራ መደቡ እንደማይቀጥል አስታወቁ። ምክንያት ያሉት በግለሰቦች ላይ የወረደውን ዛቻና ስድብ ነው።

ወንድ ለምን ተቀጠረ የሚለው ቅሬታ መሠረት አለው። ስለ ወር አበባ ከ12 ዓመት ልጅ ጋር የሚነጋገር ሰው ሲፈለግ ልጅቷ ማን ፊት አፏን እንደምትፈታ ማሰብ ነበረባቸው። ዛቻው ግን አስነዋሪ ነው። ደግሞ ያ ሁሉ ጩኸት ሲያልፍ አንድ ተግባራዊ ነገር አብሮ ተነነ፦ መደቡም ተዘጋ። አሥር ትምህርት ቤት ላይ የትኛው ሣጥን ባዶ እንደሆነ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ቅርጫት በራሱ አይሞላም። በሕግ የተጻፈ መብት ማክሰኞ ከሰዓት ባዶ ሣጥን ላይ ካረፈ ልጅቷ ተመልሳ ያው ሶፍት ነው የምታጣጥፈው።

ሌሎች የመለሱበት መንገድ

እንግሊዝ ከ2020 ጀምሮ ለትምህርት ቤቶችና ለኮሌጆች ብቻ ማቅረብ ጀመረች። ኒውዚላንድም በ2021 በትምህርት ቤት ላይ ወሰነች። ለትችት የማይመች መንገድ ነው፤ ልጅን ማን ይቃወማል? ግን ትምህርት ያቋረጠችውን፣ በጽዳት ሥራ የምትተዳደር እናትን፣ ስደተኛዋን አይነካም።

ለስኮትላንድ ትክክለኛ ተፎካካሪ የሆነችው የስፔኗ ካታሎኒያ ናት። ከማርች 2024 ጀምሮ የወር አበባ የምታይ ነዋሪ ሁሉ ፋርማሲ ሄዳ አንድ ኩባያ፣ አንድ ደም የሚይዝ የውስጥ ሱሪና ሁለት ፓኬት ታጥቦ የሚሠራ ጨርቅ በነፃ ትወስዳለች። አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ስልኳ ላይ ካለው የጤና መተግበሪያ ኮድ አውጥታ ለፋርማሲስቱ ታሳያለች። ዓመታት የሚያገለግል ነገር ስለሆነ ወጪው አይደጋገምም፤ ቆሻሻውም ይቀንሳል። ሒሳብ ለሚወድ ሚኒስትር ይህኛው ይጣፍጣል።

ታጥቦ የሚሠራውን እኛም እናውቀዋለን። መቀሌ ላይ ፍሬወይኒ መብራህቱ የዘረጉት ፋብሪካ ያንኑ ያመርታል፤ በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ያላቸውም በዚህ ሥራቸው ነው። ጥሩ ጨርቅ ለአንዲት ልጅ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ግን ውኃ ይፈልጋል፣ ሳሙና ይፈልጋል፣ ፀሐይ ላይ ሰው እያየው የሚሰጣበት ገመድም ይፈልጋል። ባርሴሎና ቧንቧ ሲከፈት ውኃ አለ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ልጅቷ ጨርቁን ይዛ ጀሪካን መጠበቅ አለባት።

ከሁለቱ ምረጥ ብባል የስኮትላንዱን ቅርጫት እመርጣለሁ። በየወሩ ገንዘብ ይበላል፣ ቆሻሻም ይተዋል። የካታሎኒያው ግን ስልክ ይጠይቃል፣ የጤና ምዝገባ ይጠይቃል፣ ከመስኮት ማዶ የቆመ ሰው ፊት መቅረብ ይጠይቃል። ወረቀት የሌላት ስደተኛ፣ ስልኳን እናቷ የምታይባት ልጅ፣ እዚያ መስኮት ላይ ብዙ ጊዜ አትደርስም።